የመጀመሪያ ልቦለድ፦ በርጫ ላይ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ልቦለድ የጀመረ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የጨረሰ ነው። ብዙዎቹን ያስቆማቸው የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ስለ ሥራው የያዙት እምነት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሐሳብ የሚመጣው ምርቃና ላይ ነው»

መምጣቱስ ይመጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ ያናግራል። በርጫ ላይ ስምንት ሰዓት የተጀመረ ታሪክ አሥራ አንድ ሳይሞላ ጀግናው ሞቶ፣ ልጁ ደሙን መልሶ፣ ፊልም ሊሠራበት ተዋናይ እየተመረጠ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ታሪኩ ተነግሮ አለቀ። አድማጩ «አቦ፣ ይሄማ መጻፍ አለበት!» አለ። ተናጋሪውም መጽሐፉ ወጥቶ ሊያገኝ የሚችለውን አድናቆት አንድ ገጽ ሳይጽፍ ተቀበለ። ማታ ድብርቱ ሲመጣ እስክሪብቶ የሚያነሳበት ምክንያት አይኖረውም።

እየቃመ የሚጽፍም አለ። በማግስቱ ሲያነበው ግን አንዲት ሴት ከወንበሯ ሳትነሳ ሦስት ገጽ ሙሉ ስታስብ ያገኛታል። ቃሙ ወይም አትቃሙ ማለቴ አይደለም፤ ያ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ታሪኩን ግን ሳትጨርሱ ለማንም አትንገሩ። «ስለ ምንድን ነው?» ለሚላችሁ «ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ» ብላችሁ ወሬ ቀይሩ።

«ከተማው ራሱ ያጽፋል»

ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባል ስላለ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሞቹን እዚያ የጻፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው የአንድ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ነው፤ ቡናና ቆዳ ሊገዛ። ግጥም የተወው ከዚያ በፊት፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከሐረር የተረፈን ጽሑፉ የንግድ ደብዳቤ፣ ለቤተሰቡ የላከው ምሬትና ስለ ኦጋዴን የተጻፈ ዘገባ ነው። ጀጎል እሱን አንድ ስንኝ ካላስጻፈው፣ የድሬዳዋው ሰፈር የከዚራ ዛፎችም ለእኛ አይጽፉልንም።

ከተማ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ታሪኩን የሚገፋ ዝርዝር። ድሬ ላይ በቀትር ሙቀት ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እንግዲህ ሌባው ወይም አፍቃሪው ማንም ሳያየው የሚገባበት ሰዓት ተገኘ። የቀፊራ ገበያ በሰው ሲጨናነቅ ደግሞ መልእክት የምታቀብለው ሴት ተገኘች። የከተማውን ውበት እየዘረዘሩ አምስት ገጽ ከመሙላት ይህ ይሻላል።

«ሙዱ እስኪመጣ ልጠብቅ»

ሙድ የሚመጣው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም፣ ገጹ ግን ይጻፋል። ማለዳ፣ ሙቀቱም ስልኩም ሳይነሳ፣ በአንድ ሰዓት 300 ቃል ማውጣት ይቻላል። 200 ቀን ቢሠራ 60,000 ቃል ነው፤ በገጽ 250 ቃል ቢታሰብ 240 ገጽ። የቀሩትን 165 ቀናት ሰርጉ፣ ለቅሶውና ስንፍናው ይካፈሏቸው።

«የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይስተካከል ወደ ሁለተኛው አይታለፍም»

ልቦለዶች በብዛት የሚሞቱት እዚህ ነው። አሥር ጊዜ የታረመ አንድ ምዕራፍ ይዞ ሁለተኛውን ያልጀመረ ሰው በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ መጨረሻውን ማሰናዳት ነው፤ መጨረሻው ገና ሳይጻፍ እንዴት ይስተካከላል? 12ኛው ምዕራፍ ላይ ገዳዩ የልጅቷ ወንድም ሆኖ ከተገኘ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ቡና ሲጠጣ የምናይበት መንገድ ይለወጣል። ይህን የምታውቁት እዚያ ስትደርሱ ነው።

ስለዚህ የማረሚያ ደብተር ያዙ። «ምዕራፍ 2፦ እናቱ በሕይወት የለችም» ብላችሁ ጻፉና ወደ ኋላ ሳትመለሱ፣ ከዚያች ገጽ ጀምሮ እናቱ የሞተች ያህል ቀጥሉ። የዕለቱን ሥራም ትዕይንቱ ሳያልቅ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቃችሁ አቁሙት፤ ነገ የምትነሱበት ይኖራችኋል።

እኩሌታው አካባቢ ታሪኩ ይቆማል። ይህም የታወቀ ነው። ያኔ ብዙ ሰው አዲስ ገጸ ባሕርይ ያስገባል፤ እኔ ሽሽት ነው እላለሁ። ዋናው ሰው ምን ይፈልጋል? የከለከለው ማን ነው? መልሱ ከጠፋችሁ ብልሽቱ ከቆማችሁበት ገጽ ቀደም ብሎ ነው ያለው።

«ገጸ ባሕርያቱ እንደ ዜና አንባቢ ይናገሩ»

የድሬ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይቀላቅላል። ይህን ማጽዳት ሰውየውን መግደል ነው። በየመስመሩ «ወሪያ» (በሶማልኛ «አንተ» ብሎ መጥሪያ) መደርደርም ቀልድ ያደርገዋል። ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ምላስ ላይ የሚሰናከለውን አውጡ።

«አርጅቻለሁ»፣ «መጽሐፉ ወፍራም ካልሆነ ልቦለድ አይባልም»

ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ ሃምሳን አልፈው ነበር፤ ዕድሜያቸውም በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማሲ የተያዘ ነበር። በ1900 ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ደግሞ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ያለን ሐሳብ አይጠብቅም። ጥበቃው ሳይመዘገብም ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ይጀምራል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሌባ የምትፈሩ ከሆነ ቶሎ ጻፉት።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ አይጠፋብኝም»

መብራት ሲጠፋ ይታያል። ቅጂውን ፍላሽ ላይም ኢሜይል ውስጥም አስቀምጡ። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ማሽኖች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑ ፎንቶች የተተየበ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ጻፉ። ስልክ ላይ መጻፍም ነውር የለውም። የገጸ ባሕርያቱን ስም አጻጻፍም ቀድማችሁ ወስኑ፦ አንዴ ኃይሉ፣ አንዴ ሀይሉ ካላችሁት፣ በኋላ ስሙን ልቀይር ስትሉ ማሽኑ ግማሹን ያልፈዋል፤ አንባቢውም ሁለት ሰው ይመስለዋል።