ለጭነትም ለሱቅም የሚሆን የጥቅል ምንጣፍ መደርደሪያ ምንድን ነው?

ተጠቅልሎ ከፋብሪካ የወጣ ምንጣፍ ኮንቴይነር ውስጥ ይጫናል፣ መጋዘን ይራገፋል፣ እንደገና በጭነት መኪና ሱቅ ይደርስና ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በእያንዳንዱ ማውረድና መጫን ሰው መሐሉን ይዞ ሲያነሳው ይታጠፋል፤ የመሐል ቱቦው አንዴ ከተሰበረ ምንጣፉ ሲዘረጋ ጉብታው አይለቀውም። ቆሞ የሚከርመውም የታችኛው ጫፉ በራሱ ክብደት ይጨማደዳል። እዚህ የምንናገርለት መደርደሪያ ጥቅሉ አንድ ጊዜ ተጋድሞ የሚገባበት፣ ከነጭነቱ በፎርክሊፍት የሚነሳ፣ ሱቅ ሲደርስ ጫፉ ተከፍቶ ለገዢ የሚቀርብ የብረት ቋሚ ነው።

ችግሩ ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት መለያየቱ ነው። መንገድ ላይ ጥቅሉ እንዳይነቃነቅ ይፈለጋል፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ስቦ እንዲያወጣው።

ንድፉ የሚጀምረው ከብረቱ ሳይሆን ከጥቅሉ ነው። የጥቅሉን ውፍረት ለማወቅ የምንጣፉን ርዝመት በምንጣፉ ውፍረት ማባዛት፣ ውጤቱን በ1.27 ማባዛት፣ የመሐል ቱቦውን ዲያሜትር ስኩዌር መደመር፣ ከዚያ የድምሩን ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 160 በ230 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምንጣፍ በ8 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ላይ ሲጠቀለል ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ከፕላስቲኩ ጋር 20 ይያዝለት። ጸጉሩ ረጅም ከሆነ ግን ሒሳቡን አትመኑ፤ አንድ ጥቅል ዙሪያውን ለክቶ በ3.14 ማካፈል ይሻላል።

ቀጥሎ ኮንቴይነሩ ይመጣል። ባለ 40 ጫማው ውስጡ ወደ 12.03 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋት አለው፤ በሩ 2.28 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። መደርደሪያው 170 ርዝመት፣ 110 ጥልቀትና 206 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ሁለት ጎን ለጎን፣ ሰባት ረድፍ፣ በድምሩ 14 ይገባል። ርዝመቱ 172 ቢሆንስ? ሰባት ጊዜ 12.04 ሜትር ስለሚሆን አንድ ረድፍ ሙሉ ይቀራል። ለሁለት ሴንቲ ሜትር ሲባል ሁለት መደርደሪያ ወደብ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ኮንቴይነሮች ትንሽ ስለሚለያዩ ከመቁረጥ በፊት መለካት ግድ ነው።

አጥንቱ 40 በ40፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦላሬ ነው፤ በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥልቀቱ በመሐል ቋሚ ለሁለት ይከፈላል፣ ከፍታው አራት ደረጃ ይኖረዋል፤ በየክፍሉ ሁለት ከታች ሁለት ከላይ አራት ጥቅል ይተኛል። ድምሩ 32 ጥቅል ነው። ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል፣ የእጅ ፓሌት ጃክ (በእጅ የሚገፋ የጭነት ማንሻ ጋሪ) እግር ዝቅ ሲል 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና።

ጥቅሉ በሁለት ቀጭን አግድም ብረት ላይ ብቻ ከተኛ ብረቱ ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል። ስለዚህ በየደረጃው 9 ሚሊ ሜትር ኮምፖንሳቶ ይነጠፋል። ኮምፖንሳቶ የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ጥሬ እንጨት ድንበር ሲያቋርጥ መሐሉ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀና ማኅተም ያለበት እንዲሆን ይጠየቃል፣ ኮምፖንሳቶና ብረት ግን ከዚህ ነፃ ናቸው።

ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ጥቅል እንዳይንከባለል በማይነቀል አግድም ብረት ይታገዳሉ። የሚከፈተው አጭሩ ጎን ነው፤ ጥቅሉ በጫፉ ይሳባል፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ከፊቱ 160 ሴንቲ ሜትር ባዶ ወለል ይፈልጋል። ለመንገድ ይህን ጎን በፒን የሚገባ ዘንግ ይዘጋዋል፤ ዘንጉ ወደ ቋሚው የውጭ ጠርዝ ይጠጋ፣ 160 ተብሎ የተሸጠ ምንጣፍ 163 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነውና። በዘንግ ፋንታ በቀበቶ አጥብቆ ማሰር ጥቅሉን እንቁላል ያስመስለዋል።

አራት ጥቅል በየክፍሉ ሲገባ 9 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይቀራል፤ በስፖንጅ ይሞላል። ታዲያ ጥልቀቱን ወደ 100 ለምን አናሳንሰውም? የክብደቱ ማዕከል ከወለሉ 106 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የ110 ግማሽ ለ106 ሲካፈል 0.52፣ የ100 ግማሽ ግን 0.47 ይሰጣል። በመንገድ ጭነት ስሌት ወደ ጎን የሚታሰበው ግፊት የክብደቱ ግማሽ፣ 0.5 ነው፤ ውጤቱ ከዚህ የሚያንሰው ጠባቡ ይወድቃል። ማዕበለኛ ባሕር ላይ እስከ 0.8 ስለሚታሰብ ሰፊውም ብቻውን አይችለውም፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች በቡሎን ይያያዛሉ፣ ከግድግዳው ጋር ያለው 15 ሴንቲ ሜትር በአየር ከረጢት ይሞላል።

አሁን መራራው ሒሳብ። 14 መደርደሪያ 448 ጥቅል ይዞ ይሄዳል። ያው ኮንቴይነር ጥቅሉ በቁልል ብቻ ቢጫን በ11 አምድ፣ በ11 ደርብ፣ በ7 ረድፍ 847 ይይዛል። የባሕሩ ኪራይ በጥቅል እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከቱርክ ከተማ ከጋዚያንቴፕ በመርሲን ወደብ አድርጎ በጅቡቲ ለሚገባ ርካሽ የፋብሪካ ምንጣፍ ይህ አያዋጣም፤ እሱ በቁልል ይምጣ፣ መደርደሪያው ከመጋዘን ወደ ሱቅ ብቻ ይሥራ። ሙሉውን መንገድ መጓዝ የሚገባው በእጅ የተቋጠረ የሱፍ ምንጣፍ ነው።

ሱቅ ሲደርስ የሚገጥመው ቅሬታ ሁሌም አንድ ነው፤ ጥቅሉ ጸጉሩ ወደ ውስጥ ስለሆነ ገዢ የሚያየው ጀርባውን ነው። መፍትሔው አንዱን ምንጣፍ ዘርግቶ በላይኛው ብረት ላይ ማልበስና ረጅሙን ጎን መሸፈን ነው። የብረቱ ጠርዝ ምልክት እንዳይጥል በግማሽ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ። መጠንና ዋጋ የተጻፈበት ካርድ በየቱቦው አፍ ላይ ይገባል።

ጎማ የሚገጠመው ሱቅ ውስጥ ነው፤ በመንገድ ንዝረት ይበላሻል። የተሞላው መደርደሪያ ወደ 460 ኪሎ ይመዝናል፣ ወለል ግን ሙሉ በሙሉ ለጥ ያለ ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ክብደቱን የሚሸከሙት ሦስት ጎማዎች ናቸው። 460 ለ3 ከ150 በላይ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ 200 ኪሎ የሚችል ይሁን። ቀለም ከመቀባቱ በፊት የብየዳው ጉብታ ሁሉ በመፍጫ ይስተካከል፤ አንድ ሹል ነጥብ ጥቅሉ በተሳበ ቁጥር ክር ይመዛል።