በድሮ የህንድ የእንጨት ዕቃ ቤት ማስጌጥ፦ የሚባለውና እውነታው

ከህንድ ማድቤት የወጡ የድሮ የእንጨት ዕቃዎች የሳሎን ጌጥ ሆነዋል። የሮቲ (የህንድ ቂጣ) መዳመጫ፣ ባለ ክፍልፋይ የቅመም ሳጥን፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ሊጥ የሚቦካበት ገበቴ። ደስ ይላል። ስለነሱ የሚወራው ግን ብዙ ስህተት አለበት፤ ስህተቱም ዕቃውን እያበላሸ ነው።

«ያረጀ ሁሉ አንቲክ ነው፤ 150 ዓመት ሞልቶታል»

ህንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ 100 ዓመት የሞላው የዕደ ጥበብ ሥራ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይቆጠራል፤ ግለሰብ ወይም ነጋዴ እንደፈለገ ከሀገር ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ከህንድ በቀጥታ የሚልክላችሁ ሻጭ የ150 ዓመት ዕቃ ነው ካላችሁ፣ ወይ ዕድሜው የተጋነነ ነው ወይ ዕቃው በሕገወጥ መንገድ ነው የሚወጣው። መቶ ባይሞላውስ ምን አለበት? ዋናው በእውነት የተሠራበት መሆኑ ነው። የቅቤ መናጫውን እዩት፦ ዘንጉ ላይ ገመድ ተጠምጥሞ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተሳበ ነው የሚሽከረከረው፤ ብዙ የሠራ ከሆነ ገመዱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ተበልቶ ልስልስ ብሏል። ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገው ግን ጭረቱ ሁሉም ጋ እኩል ነው፣ እጅ በማይደርስበት ጭምር።

«ተፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባ ያምራል»

እባካችሁ አታድርጉት! በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁት የሚሄደው ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ የስንት ዓመት የእጅ ወዝ አብሮ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ በምንም አይመለስም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ በጣም በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከደረቀ በኋላ ስስ የንብ ሰም ይበቃዋል። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ይሰነጠቃል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ይሸታል፣ ያጣብቃል፣ አቧራ ይሰበስባል።

«ቀዳዳ ካለው ነቀዝ አለው»

ቀዳዳው የድሮ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ በሕይወት አለ። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በፕላስቲክ በደንብ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይረዳል።

«ሁሉም ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው»

አይደለም። የጃክፍሩት፣ የማንጎ፣ የሺሻም እንጨትም አለ።

«ምግብም ይቀርብበታል»

ቀለም የተቀባው ላይ ምግብ አይቅረብ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ስንጥቅ ያለውም ቆሻሻ ይይዛል።

«ግድግዳው ካልሞላ አይደምቅም»

እኔ አንድ ዕቃ ብቻውን ቢቀመጥ እመርጣለሁ። የደቡብ ህንዷ ግዛት የኬረላ የኮኮናት መፈቅፈቂያ ለምሳሌ ሰው ተቀምጦበት የሚሠራበት ነው፤ ጫፉ ላይ ባለጥርስ ብረት አለው። መሬት ላይ ሲሆን ነው ቅርጹ የሚታየው፣ ብረቱን ግን ልጅ ከማይደርስበት በኩል አዙሩት። ሙቀጫም አይሰቀልም፣ ከባድ ነው። ለሁሉም ደግሞ ቀጥታ ፀሐይ ከሚመታበት መስኮትና ከማሞቂያ አጠገብ አርቋቸው።