«ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ»፦ በርች ኮምፔንሳቶን በሌዘር ስለ መቁረጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለው። ባለ 80 ዋት ሌዘር መቁረጫ ገዝቶ ገና ከሳጥኑ እንዳወጣው ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ለ3 ሚሊሜትር በርች የሚጠቀሙበትን ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ» አለኝ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በባለ 60 ዋት ማሽን ረከቦትና የስኒ ማስቀመጫ ስቆርጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሩን፣ ማለትም የጨረሩን ጉልበትና የመቁረጫውን ፍጥነት፣ ላክሁለት። በማግሥቱ የደረሰኝ ፎቶግራፍ ላይ ግማሹ ጠርዝ ከስሏል፣ ግማሹ ጭራሽ አልተቆረጠም። ቁጥሩ ስህተት አልነበረበትም። የእኔ ቁጥር መሆኑ ብቻ ነበር ችግሩ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስንከራከርባቸው የሰነበትናቸውን እምነቶች እነሆ፤ አብዛኞቹን እኔም በጊዜዬ አምኛቸዋለሁ።

«ለአንዱ ማሽን የሠራ ቁጥር ለሌላውም ይሠራል»

በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የሚነበበው 65 በመቶ የዋት መለኪያ አይደለም። ጨረሩን የሚያወጣው ያ ቱቦ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሊሰጥ ከሚችለው ላይ የተቆረሰ ድርሻ ነው። ድርሻውም እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ ብዙ የመስታወት ቱቦዎች ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል ጭራሽ ጨረር አያወጡም። የፍጥነቱ መለኪያም ይለያያል። የእኔ ማሽን ፍጥነትን በሴኮንድ ሲቆጥር ትንንሾቹ የዳዮድ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ይቆጥራሉ። በሴኮንድ 18 ሚሊሜትር ማለት በደቂቃ 1080 ሚሊሜትር ነው። ይህን ሳያስተውል በደቂቃ 18 ብሎ የሞላ ሰው የሚያገኘው ቁርጥ ሳይሆን እሳት ነው።

የአክስቴን ልጅ ግን ሌላ ነገርም አሳስቶታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቆረጠለት ቁጥር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቢ ይለዋል። «ኤሌክትሪኩ ነው» ብሎ ሲያማርር ሰነበተ። «ቱቦውን የምታቀዘቅዝበት ውኃ የት ነው ያለው?» ብዬ ብጠይቀው፣ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ባልዲ ነው። እንደ እኛ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ ቱቦ ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውኃውን ከ25 ዲግሪ በታች ማቆየት ከማንኛውም ቁጥር ይቀድማል። ባልዲው ጥላ ውስጥ ገባ፣ በረዶ የሞላባቸው የውኃ ጠርሙሶችም ይጨመሩበት ጀመር፣ ከሰዓት በኋላው እንደ ጠዋቱ ሆነ።

«በርች ያው በርች ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያታልለው ጣውላው ነውና።

በርች ቅርፊቱ ነጣ ያለ የሰሜን አገር ዛፍ ነው። ስሙን ያስጠራው ኮምፔንሳቶ ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያ፣ ከላትቪያና ከሩሲያ የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ 1525 በ1525 ሚሊሜትር ሆኖ ይሸጣል፤ 3 ሚሊሜትሩ ሦስት ንብርብር፣ 6 ሚሊሜትሩ አምስት ንብርብር አለው፣ ሁሉም ንብርብር በርች ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን እንጨት ካገደ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ተወዷል። በገበያው ላይ ደግሞ ፊቱ በርች ሆኖ ሆዱ ሌላ እንጨት የሆነ ኮምፔንሳቶ አለ። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሆዱ ለስላሳ የሆነው እንዲያውም ቶሎ ይቆረጣል። ግን በበርች ቁጥር ከቆረጡት ይከስላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኮላው ነው። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ኮምፔንሳቶ በአብዛኛው የሚጣበቀው ቀለሙ ፈዛዛ በሆነ የዩሪያ ኮላ ነው። ዝናብ እንዲችል የተሠራው ግን በፌኖል ኮላ ይጣበቃል፤ ይህ ኮላ ሙቀትን ይቋቋማል፣ ሌዘሩንም ያደክመዋል። ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የጣውላውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይበቃል። በንብርብሮቹ መካከል እንደ ቡና አተላ የጠቆረ መስመር ከታየ ያ ጣውላ ለውጭ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ያ ሰሌዳ ለአትክልት ቦታ ይሁን፣ ከእኔ ማሽን ግን ይራቅ።

ሦስተኛው በዓይን የማይታየው ነው። ቢቢ (BB) የሚለው የጣውላ ጥራት ደረጃ የሚናገረው ስለ ፊቱ ብቻ ነው፤ ስለ ውስጡ ምንም አይልም። አንድ ቀን ለስኒ ማስቀመጫ አሥር ክቦችን በአንድ መስመር ቆረጥኩ። ዘጠኙ በራሳቸው ወደቁ፣ አሥረኛው ተጣብቆ ቀረ። ቁጥሩ ያው፣ ሌንሱ ያው። በቢላዋ ገልጬ ሳየው መካከለኛው ንብርብር ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የቅርንጫፍ ቋጠሮ ተጋድሟል። እንዲህ ላለው ቋጠሮ ተብሎ ቁጥር አይቀየርም፤ ዘጠኙ በጥሩ ሁኔታ ከወደቁ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አሥረኛውን በመቁረጫ ቢላዋ ማስለቀቅ ይቻላል።

ውፍረቱንም በካሊፐር መለካት ነው። «3 ሚሊሜትር» ተብሎ የተሸጠልኝ ሰሌዳ አንዱ ጥግ 2.8፣ ሌላው ጥግ 3.2 ሆኖ ያውቃል።

«ካልቆረጠ ፍጥነቱን መቀነስ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱን መሸፈን ነው።

እስቲ እናስላው። 80 ዋት በሴኮንድ 20 ሚሊሜትር ሲጓዝ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ 4 ጁል ኃይል ያፈሳል። 40 ዋት በሴኮንድ 10 ሚሊሜትር ሲጓዝም እንዲሁ 4 ጁል ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፣ በጣውላ ላይ ግን አይደሉም። ዝግ ብሎ የሚሄደው ጨረር ሙቀቱ ወደ ጎን እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እንጨቱ ተንኖ ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ይከስላል፣ የከሰለው ደግሞ ከእንጨቱ ይልቅ ለመቁረጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ጉልበት ካለ ፈጠን ማለት ይሻላል። ይህ ማለት ግን መቶ በመቶ ላይ አድርጎ መተው አይደለም፤ ያለማቋረጥ ጣሪያው ላይ የሚሠራ ቱቦ ዕድሜው ያጥራል።

ፍጥነቱን ከመንካቴ በፊት ሌንሱን አወጣለሁ። የበርች ጭስ ሌንስ ላይ ቢጫ ሽፋን ይጥላል። ይህ ሽፋን ጨረሩን ይጋርዳል፣ ሌንሱንም አሙቆ ሊሰነጥቀው ይችላል። ንጹሕ አልኮልና ለሌንስ የተሠራ ወረቀት ይበቃል። ትናንት 18 ላይ የቆረጠ ማሽን ዛሬ 12 ላይ ካልሆነ አልቆርጥም ካለ፣ ነገሩ የቁጥር ሳይሆን የጽዳት ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር የማገኘው እንዲህ ነው፦ ከዚያው ሰሌዳ ቁራጭ ላይ 20 ሚሊሜትር የሆኑ ካሬዎችን እደረድራለሁ፤ ጉልበቱን ሳልነካ ፍጥነቱን ብቻ ከካሬ ወደ ካሬ እቀንሳለሁ። ሳልገፋው በራሱ የወደቀውን የመጀመሪያውን ካሬ እይዝና፣ ለጣውላው አመል መጠባበቂያ እንዲሆን ከእሱ ትንሽ ዝግ እላለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአክስቴ ልጅ ይህን «ጊዜ ማባከን» ሲለው አንድ ሙሉ ሰሌዳ ካበላሸ ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

«ፎከሱ ሁልጊዜ የጣውላው ፊት ላይ ነው»

ፎከስ ጨረሩ ከሁሉ የሚቀጥንበት ቦታ ነው። ለቅርጻ ቅርጽ፣ አዎ። ጨረሩ ግን መሃሉ እንደቀጠነ የአሸዋ ሰዓት ነው፤ ከቀጭኑ ወገብ በላይም በታችም ይሰፋል። 6 ሚሊሜትር ሲቆረጥ ወገቡን ከፊቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዝቅ ማድረግ የጠርዙን ማዘንበል ይቀንሳል። በቅድሚያ ግን ወገቡ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቁራጭ ጣውላ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ አጋድሞ፣ በአነስተኛ ጉልበት ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ነው። መስመሩ ከሁሉ የቀጠነበት ቦታ ላይ ጨረሩ ከሚወጣበት የማሽኑ አፍንጫ እስከ ጣውላው ያለው ርቀት ትክክለኛው ርቀት ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣችው የፕላስቲክ መለኪያ እኔን በአንድ ሚሊሜትር ተኩል አሳስታኛለች።

«አየር የሚነፋው እሳት ለማጥፋት ብቻ ነው»

እሳቱንም ያጠፋል፣ ግን ጭሱን ከቁርጡ ጠራርጎ ለጨረሩ መንገድ የሚከፍትለትም እሱ ነው። ስንቆርጥ ጠንካራ፣ ስንቀርጽ ለስለስ ያለ። አየር ቢኖርም ማሽኑ እየሠራ ትቶ መሄድ የለም፤ ቡናው ይገንፍል።

«ጥቁር ጠርዝ የስህተት ምልክት ነው»

ሌዘር እንጨትን የሚቆርጠው በማቃጠል ነው፤ ቡናማ ጠርዝ ያለ ነገር ነው። ጣት ላይ የሚቀር ጥላሸት ከሆነ ግን ዝግታው በዝቷል። ፊቱ ላይ የሚያርፈውን የጭስ እድፍ የወረቀት ፕላስተር ይከላከለዋል።

«ሌዘር ስፋት የለውም»

አለው። የአክስቴ ልጅ ረከቦት ወንዴው ጥርስ ሴቴዋ ማስገቢያ ውስጥ ገብቶ ሲገጣጠም የተንገጫገጨው ለዚህ ነው። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ስሎ፣ ዙሪያውንም ጨምሮ በሌዘሩ በአሥር እኩል ቁራጭ መቁረጥ፣ ቁራጮቹን አጠጋግቶ አንድ ላይ መለካት ነው። 98.2 ከሆነ የጠፋው 1.8 ሚሊሜትር ለአሥር ሲካፈል የጨረሩ ወርድ 0.18 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ የለካው 0.22 ሆነ። ሴቴዋን በዚያው ልክ አጥብቦ ቆረጣት፤ የረከቦቱ እግር ያለ ኮላ፣ በመዳፍ ሁለቴ ሲመታ ገባ።