የሕዝብ ትራንስፖርትና የመንገድ ዕቅድ በኢትዮጵያ ክልሎች

ከጅማ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ አድሮ በማግስቱ ሌላ አውቶቡስ ይይዛል። የአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ከመዲናዋ ተነስተው ወደየአቅጣጫው ስለሚዘረጉ ነው። ይህ ቅርፅ በአመዛኙ የተያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። መንገዶቹ የተሠሩት ጦር ለማንቀሳቀስ ነበር። በጣርማበር ተራራ ውስጥ የሚያልፈው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታትም እነዚያኑ መሥመሮች ጠገኑ፣ አሰፉ፣ አስፋልት አለበሱ።

አካባቢን ከአካባቢ በአቋራጭ የሚያገናኙት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚወጣው አንዱ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴን ከቡሬ የሚያገናኘውም ሌላው ነው። እንዲህ ያሉ መንገዶች ጥቅማቸው ርቀት ማሳጠር ብቻ አይደለም። ዋናው መንገድ በናዳ፣ በድልድይ ብልሽት ወይም በፀጥታ ችግር ሲዘጋ መውጫ ይሆናሉ። አማራጭ በሌለበት ቦታ አንድ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም እህሉም ተሳፋሪውም አብሮ ይቆማል። ባለፉት ዓመታት ብዙ አካባቢዎች ይህን በደንብ ቀምሰውታል። ስለዚህ አቋራጭ መንገዶች በዕቅድ ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባቡርን፣ የአየር ትራንስፖርትንና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ዋና መንገዶቹን የሚሠራው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሲሆን መነሻው በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ነው። የክልል መንገዶች የክልሎች፣ የከተማ ውስጥ መንገዶች ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። እንግዲህ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ለሕክምና ትልቅ ከተማ የሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ የሦስት አራት አካላትን ሥራ ያቋርጣል። ጥርጊያው የአንዱ፣ ጠጠሩ የሌላው፣ አስፋልቱ የሌላው፣ የከተማው ታክሲ ደግሞ የሌላው ነው። ለእሱ ግን ጉዞው አንድ ነው። ችግሩም የሚበዛው መገናኛው ላይ ነው።

በርዝመት ከተቆጠረ ብዙ ተሠርቷል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ከ100 ሺህ በላይ ሆኗል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ያለመ ነበር። ነገር ግን መንገድ ደረሰ ማለት መኪና ደረሰ ማለት አይደለም። ባለንብረቱ ተሳፋሪ በብዛት ወደሚገኝበት መሥመር ያደላል። በብዙ የገጠር መንገዶች ላይ መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። በሌላው ቀን አይሱዙ ላይ ከጭነት ጋር መሳፈር፣ በሞተር ሳይክል መፈናጠጥ ወይም በእግር መሄድ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መሥመር ድጎማ ከመንገዱ ግንባታ ጋር አብሮ ካልታቀደ ጠጠሩ ብቻውን ሰው አያጓጉዝም።

መናኸሪያዎችም ያው ናቸው። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች በደረጃ ተመድበው፣ ብዙዎቹም በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይጫናሉ። ተራው ባለንብረቶችን ከሽሚያ ይጠብቃል። ተሳፋሪው ግን መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል። በበዓል ሰሞን ደግሞ ከታሪፍ በላይ ይከፍላል። መናኸሪያ ወደ ከተማ ዳር ሲወጣ የከተማ አውቶቡስ አብሮ ካልተመደበ ቀሪው መንገድ በባጃጅ ነው፤ ዋጋውም በድርድር።

ባቡር ላይ በድሮውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ሐዲዱ ስለደረሰ ነው። የአዲስ አበባው ለገሃርም ከከተማው እምብርት ላይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያዎቹ ከከተሞች ራቅ ይላሉ። ለጭነት ይመቻል። ሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ ዳር ባለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ለሚወርድ ሰው ግን ሌላ ትራንስፖርት ፍለጋ ገና መጀመሩ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መሥመር ደግሞ ብዙው ሐዲድ ተነጥፎ ለዓመታት ያለ አገልግሎት ቆይቷል። ለወሎ ትልቅ ተስፋ የነበረ ሥራ ነው።

ጥገናም አለ። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገንዘቡን በዋናነት የሚያገኘው ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥርም እየጨመረ ነው። አየሩን ላጠራው፣ የውጭ ምንዛሪም ላድን ለሚል አገር መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪናም ያንኑ አስፋልት ይረግጣል። ከነዳጅ የሚገኘው ገቢ ሳይቀንስ በፊት የጥገና ገንዘቡ ሌላ ምንጭ ያስፈልገዋል፤ የክልሎቹ የጠጠር መንገዶች በየክረምቱ ይሸረሸራሉና።