ኃይል ቆጣቢ ቤት ምንድን ነው?

ኃይል ቆጣቢ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጣራ ላይ የተደረደረ ሶላር ነው። እሱ ለጊዜው ይቆየን። ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ነዋሪው ሳይበርደው፣ ሳይጨልምበትና ጓዳው ሳይጎድል ጥቂት መብራት፣ ጥቂት ከሰል፣ ጥቂት ነዳጅ የሚፈጅ ቤት ነው። አቅምን ያገናዘበ ነው አይደለም የሚለውም በቅድመ ክፍያው ብቻ አይታወቅም፤ ቆጣሪው በየወሩ የሚጠይቀው ገንዘብም የቤቱ ዋጋ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ዋናው ጣጣዋ የሌሊት ብርድ ነው። ለድሬዳዋ የሚያዋጣው ንድፍ ለአራዳ አይሆንም። የአራዳንና የልደታን አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ብንወስድ፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ግድግዳ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ሁሌ የሚታማው ጭቃው ነው እንጂ ጥፋቱ የጣራው ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ሙቀቱን አሟጦ ያስወጣል። እንዲህ ያለውን ቤት ለማደስ ትንሽ ብር ያለው ሰው ከቀለሙ በፊት ኮርኒሱን ቢያስብ ይሻለዋል።

ቀጥሎ መስኮት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ በሚከፋበት ወቅት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል ያለ ምንም ወጪ ይሞቃል። ይህ ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ ሕንፃውን ማዞር ብቻ ይጠይቃል። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ግን ማን ያዞረዋል?

በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ትልቁ በላተኛ ግን ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በዚያ ኃይል ለአንድ ሰዓት ቢሠራ፣ የፈጀው ባለ 9 ዋት አምፖልን ወደ 390 ሰዓት ያበራል። አምፖል ለውጦ ቆጥቤአለሁ የሚል ሰው ይህን ቢያሰላ አይከፋም። ምጣድ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል ድረስ የሚበላው ኃይል አንዲት እንጀራ አያወጣም፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር በየሁለት ቀኑ ጥቂት ከመጋገር ይቆጥባል። ጎረቤታሞች የጋለውን ምጣድ ሳያቀዘቅዙ በተራ ቢጋግሩበት ደግሞ የበለጠ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ የጋራ ማብሰያ ቤት እንዲኖር የታሰበው ቢያንስ ለዚህ ይመች ነበር። አንዳንድ ቦታ ግን ለሌላ አገልግሎት ተከራየ። በእኔ ግምት በዝቅተኛ ገቢ ሰፈር ከሚሠሩ ሕንፃዎች ሁሉ ቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ይኸው ማድ ቤት ነው፤ ጭሱ የሚወጣበት፣ መስመሩ ምጣድ የሚችል። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቦታም ይቆጠራል። ከልደታ ተነስቶ ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ የገባ ቤተሰብ ቤቱ የቱንም ያህል ቢቆጥብ፣ በየቀኑ መሀል ከተማ ለመድረስ የሚቃጠለው ነዳጅ ያካክሰዋል። አሮጌው ሰፈር በፈረሰበት በልደታ ኮንዶሚኒየም የቀረው ግን መርካቶ በእግሩ ይደርሳል፤ ቀላል ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአቅራቢያው ያልፋል።