ስለ ትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበልግ ዝናብ ሲቃረብ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የትምህርት ቤት ጓሮ ሊያለሙ የተነሡ በጎ ፈቃደኞች ምክር በጠየቁኝ ቁጥር አስቀድሜ የምሰማው «እበት በነፃ ስለምናገኝ አምጥተን መደቡ ላይ እንበትነዋለን» የሚለውን ነው። ይህ እምነት ለመንቀል ያስቸገረው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው፤ እበት ለአፈር ይጠቅማል፣ የሚጠቅመው ግን ከበሰበሰ በኋላ ነው።

ትኩስ እበት የሚለቀው አሞኒያ ለጋ ሥር ያቃጥላል። በአንድ ትምህርት ቤት ቆስጣው በተተከለ በሳምንቱ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ይደርቅ ጀመር፤ ፈቃደኞቹም ውሃ ያነሰው መስሏቸው ደጋግመው ያጠጡት ነበር። አንዱን ችግኝ ነቅለን ስናየው ነጭ መሆን የነበረበት የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኗል፤ ዙሪያውንም ያልፈረሰ እበት ከብቦታል። ከችግኙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ጤና ነው። ትኩስ እበት ኢ ኮላይንና ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ልጆች ደግሞ ካሮት ነቅለው በዩኒፎርማቸው ጠረግ አድርገው ይበላሉ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ሰብል ከሆነ፣ ጥሬ ፍግ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ ቢያንስ 120 ቀናት እንዲያልፉ ያዝዛል። መጋቢት 1 እበት የገባበት መደብ ይህን ጊዜ የሚሞላው ሐምሌ 1 ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪዎቹ እረፍት ላይ ናቸው።

ስለዚህ በበልግ የሚተከል ጓሮ ሥራው የሚጀመረው በኅዳር ነው። እበቱን ከጭድ፣ ከደረቅ ቅጠልና ዘር ካልያዘ አረንጓዴ አረም ጋር እያነባበሩ መከመር፣ እርጥበቱን መጠበቅ፣ በየሁለት ሳምንቱም ማገላበጥ ያስፈልጋል። የክምሩ መሃል እጅ የማያስችል ሙቀት ካላመነጨ ወይ ደርቋል ወይ አንሷል። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የእበቱ ሽታ ጠፍቶ የአፈር ሽታ ሲተካው ኮምፖስቱ ደርሷል።

«መረሬ አፈር (ሲርስ የሚጣበቅ ጥቁር ሸክላማ አፈር) አሸዋ ሲጨመርበት ይለሰልሳል» የሚሉም አሉ፤ ጥቂት አሸዋ ያጠጥረዋል እንጂ አያለሰልሰውም። የሚያላላው ይኸው ኮምፖስት ነው፤ አፈሩም ዶማ ላይ በሚጣበቅበት ሰዓት መቆፈር የለበትም።

ካሮት እንደ ጎመን በችግኝ አይዛወርም፤ ሥሩ ስለሚቆለመምና ስለሚከፋፈል በቀጥታ መደቡ ላይ ተዘርቶ በአምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሳሳል። የቀትር ውሃ ቅጠል ያቃጥላል የሚባለውም ስህተት ነው። ማለዳ የሚመረጠው ውሃው በትነት እንዳይባክን ነው፤ በቀትር የጠወለገ ችግኝ ግን እስከ ማታ መቆየት የለበትም።

«ልጆች ስለሚወዱት ቲማቲም እናስቀድም» የሚለው ሐሳብም የትምህርት ዘመኑን ይዘነጋል። በሚያዝያ የተዘራ ቲማቲም ከአንድ ወር በላይ ችግኝ ማፍያ ላይ ቆይቶ ከተዛወረም በኋላ ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈልግ፣ ፍሬው የሚደርሰው ጠባቂ በሌለበትና የቅጠል በሽታ በሚበረታበት ክረምት ነው። በመጋቢት መጨረሻ የሚዘሩ ሰላጣና ቆስጣ ግን በግንቦት ማለቂያ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ለምሳ ይደርሳሉ።