አጭር ነው፣ ግን ሽማግሌ ነው፦ ስለ ክሮስ ቲምበርስ ኦኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክሮስ ቲምበርስ በአሜሪካ ያለ ረጅም የዛፍ መቀነት ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ካንሳስ ተነስቶ ኦክላሆማን አቋርጦ እስከ መካከለኛው ቴክሳስ ይዘልቃል። በስተምሥራቅ እርጥብ ደን፣ በስተምዕራብ ደረቅ የሣር ሜዳ አለ። ክሮስ ቲምበርስ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። በብዛት የሚበቅሉበት ፖስት ኦክ እና ብላክጃክ ኦክ የሚባሉ ዛፎች ናቸው። ብዙ ሰው «ቁጥቋጦ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

«ጥንታዊ ደን ማለት ግዙፍ ዛፍ ያለበት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እዚህ 300 ዓመት የኖረ ፖስት ኦክ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። አፈሩ አሸዋማና ድንጋያማ ነው። ድርቅ ይመላለስበታል። ስለዚህ ዛፉ የሚያድገው በጣም በዝግታ ነው። ዕድሜውን ለመገመት መልኩን ማየት ይሻላል። ያረጀ ኦክ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ያዘነብላል። ቅርንጫፎቹ ጥቂት ግን ወፋፍራም ናቸው። አናቱ ላይ የደረቀ እንጨት ይታያል። ውስጡ ባዶ የሆነም አለ። እንዲህ ያለውን ዛፍ «የታመመ» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ሲገኝ በጣም ያሳዝናል።

«ዕድሜውን ለማወቅ መቁረጥ ግድ ነው»

አይደለም። በእጅ መሰርሰሪያ ከእርሳስ የማይወፍር ናሙና ይወጣና በየዓመቱ አንድ አንድ የሚጨመሩት የግንዱ ቀለበቶች ይቆጠራሉ። የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲው የዛፍ ቀለበት ተመራማሪ ዴቪድ ስቴል እዚህ ከ200 እስከ 400 ዓመት የኖሩ ኦኮች እንዳሉ ያሳየው በዚህ ዘዴ ነው። ጠባብ ቀለበት የድርቅ ዓመት ምልክት ነው። የዝናብ መለኪያ ከመተከሉ በፊት የነበረውን ድርቅ የምናነበው ከእነዚህ ዛፎች ነው።

«ሰፋሪዎች ሲመጡ ሁሉንም መንጥረውታል»

ብዙ ተመንጥሯል፤ ግን ሁሉም አይደለም። ዛፉ ጠማማ ስለሆነ ለጣውላ አይመችም። ለአጥር ቋሚ ግን ይሆናል፤ ፖስት (በእንግሊዝኛ «ቋሚ») የሚለው ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ድንጋያማው ተዳፋት ደግሞ ለማረሻ አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1832 በዚህ ያለፈው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ መንገዱን በብረት ደን ውስጥ ከመታገል ጋር አመሳስሎታል። ያ አስቸጋሪነት ነው ደኑን ያተረፈው። በኦክላሆማ፣ ከተልሳ ከተማ በስተምዕራብ በሳንድ ስፕሪንግስ አቅራቢያ ያለው የኪስቶን ጥንታዊ ደን አንዱ ምስክር ነው።

«እሳት ጠላቱ ነው»

ዝቅ ብሎ ሣሩን እየላሰ የሚያልፍ እሳት እዚህ የኖረ ነገር ነው። ነባር ሕዝቦችም ሆን ብለው ይለኩሱት ነበር። ወፍራም ቅርፊት ያለው ኦክ ይቋቋመዋል፤ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እሳቱ ሲከለከል ግን ምሥራቃዊ ቀይ ሴዳር ይወርረዋል። ስሙ ሴዳር ይሁን እንጂ ዘሩ ጥድ ነው። በእርግጥ እሳት በማይደርስበት ገደል ላይ 500 ዓመት የኖሩ ሴዳሮችም አሉ። እነሱ ወራሪ አይደሉም፣ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው።

«ካልተቆረጠ ይኖራል»

ቤት ሲሠራ ኦኩ ለጥላ ይተዋል። ከዚያ ሥሩ ላይ አፈር ይደለደላል። መኪና ይረግጠዋል። ሣሩ በየቀኑ ውኃ ይጠጣል። የፖስት ኦክ ሥር ይህን አይችልም፤ አየር ያጥረዋል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ከዓመታት በኋላ ሲደርቅ የቤቱ ሰዎች «አርጅቶ ነው» ይላሉ።